ማንም ያልሞተበት ድንኳን

ነስሩ ማረፉን በስልክ የነገረኝ የእድራችን ጸሐፊ፣ ከመርዶው ጋር አያይዞ የጠየቀኝ የመጋዘኑን ቁልፍ ነው።

«ጋሽ በቀለ፣ ነስሩ አረፈ። ሌሊቱን ነው። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው ተብሏል። ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው አይደል?»

«እኔ ጋ ነው። እየመጣሁ ነው» አልኩት። ግን አልተነሳሁም። ቡልጋሪያ ሰፈር፣ የምሠራበት ጋራዥ በር ላይ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ፍሪሲዮኗን ፈትቼ የተውኳት መኪና ባለቤት መጥቶ «ጋሽዬ፣ ዛሬ ትደርሳለች?» አለኝ። ሰውየው ፊቴን አይቶ ተመለሰ።

እኔ የእድሩ ንብረት ያዥ ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ብረት ድስቶች፣ የሻይ ብርጭቆው ሁሉ በእኔ ቁልፍ ስር ነው የኖረው። «በቀለ ለሬሳም ቢሆን ወንበር የሚሰጠው አስፈርሞ ነው» እያሉ ያሙኛል፤ ሐሜቱ እውነት ነው። ታዲያ ያንን ድንኳን ከሟችም ከሙሽራም አብልጦ ከመጋዘን ያስወጣብኝ ሰው ነስሩ ነው። ያውም ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳያገባ።

ሰፈሩ ነስሩን መጀመሪያ ያወቀው በአባቱ ሱቅ ነው። አባቱ በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው፣ እዚህ ካዛንቺስ የመንደራችን መግቢያ ላይ ሱቅ ከፍተው ያረጁ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ ሲልኩ ንግድ ተምሮ ሱቁን የሚያሰፋላቸው መስሏቸው ነበር። እሱ ግን ሳይኮሎጂ ተምሮ መጣ። «ሚዛን ላይ የማይወጣ ዕቃ ይዞልኝ መጣ» እያሉ ስኳር ሊገዛ ለመጣው ሁሉ ያሙታል። ሲያሙት ግን ሳያስቡት ፈገግ ይላሉ።

ነስሩ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጀርባው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርግ ሰው ነበር። መነጽሩን ካወለቀ የራሱን እጅ እንኳ አጥርቶ አያይም። ይህ መነጽር አንድ ሥራ ነበረው። የሚያዋራው ሰው ድምፁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ እንባው ሊመጣ ሲል፣ ነስሩ መነጽሩን ቀስ ብሎ አውልቆ ኪሱ ይከታል። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ዓይኑን ያመመው መስሎኝ ነበር። ኋላ ብጠይቀው፣ «ጋሽ በቀለ፣ የአገራችን ወንድ ሰው እያየው አያለቅስም። ሳወልቀው እንደማላየው ያውቃል» አለኝ።

ቀን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ሰፈርተኛው «ዶክተር» ይለዋል። «ዶክተር አይደለሁም» ይላል። «እሺ ዶክተር» ይሉታል። እጅጌያቸውን ጠቅልለው ግፊታቸውን ሊያስለኩ የሚመጡ እናቶች ሲበዙበት፣ «የእኔ ሥራ አይደለም» እያለ ሲመልሳቸው ቆየና፣ አንድ ቀን መለኪያውን ገዝቶ መጣ። «ምን ነካህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ክንዳቸው ሲታሰር አፋቸው ይፈታል» አለኝ። እውነትም፣ ያ ጨርቅ ክንዳቸው ላይ እስኪነፋና እስኪተነፍስ ድረስ ስንቱን ጉድ ይነግሩታል።

በነጻ ሰዎችን ሰብስቦ ስለ ጭንቀት፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ ሐዘን የማስተማር ሐሳብ የመጣለት ያኔ ነው። ከሚሊኒየሙ በፊት ባሉት ዓመታት ነው ይህ። መጀመሪያ የቀበሌውን አዳራሽ ለምኖ አገኘ። እኔም ወንበር ጎድሎ አበድሬ ስለነበር ወንበሮቼን ልጠብቅ ሄጄ ነበር። ነስሩ ፊት ለፊት ቆሞ፣ «ዛሬ እኔ ብዙ አልናገርም። ልባችሁን የሚከብዳችሁ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ እጁን አወጣና ተነሥቶ፣ «በመጀመሪያ ይህን መድረክ ላዘጋጁት አካላት ምስጋናዬን አቀርባለሁ» ብሎ ጀምሮ ስለ ውሃ መስመሩ ተናገረ። ሁለተኛዋ ስለ መንገድ መብራት። ሦስተኛው የሁለቱንም ሐሳብ እንደሚደግፍ ገለጸ። ነስሩ ላብ በላብ ሆነ። እኔ ሳቄን ለማፈን ወንበር የማስተካክል መስዬ አጎነበስኩ።

በሳምንቱ የእድሩ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ሰብሳቢያችን ሻምበል ተፈራ ነበሩ፤ ከጦሩ ጡረታ የወጡ፣ ደንብ ከእጃቸው የማይለይ ሰው።

«ድንኳን እንድታውሱኝ ነው የመጣሁት» አለ ነስሩ።

ሻምበል እንደ ወጉ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «እግዚአብሔር ያጽናህ። ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም፣ ሻምበል።»

«እህ! ሠርግ ነው?»

«ሠርግም አይደለም።»

ሻምበል መነጽራቸውን አድርገው ደንቡን ገለጡ። «እድሩ ድንኳን የሚያወጣው ለሐዘንና ለሠርግ ነው። አንቀጹ ይኸው።»

«እኔም ለሐዘን ነው የፈለግኩት። ሟች የሌለው ሐዘን በዝቶብን ነው» አለ። ከዚያ ስለ አዳራሹ ነገራቸው። «እዚያ ስጠራቸው ስብሰባ ይሆንባቸዋል። ደግሞ ‹እብድ ይሉኛል› ብሎ የሚፈራው ብዙ ነው። ለቅሶ ድንኳን ሲገባ ግን ‹ምን ሆነህ ገባህ?› ተብሎ የተጠየቀ ሰው አለ? የለም። ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ እውነቱን የሚያወራው እዚያ ነው።»

እኔ ዝም ልል አልቻልኩም። «ሸራው ይቀደዳል፣ ወንበሩ ይሰበራል» አልኩ። «ለመሆኑ ደግሞ በወሬ ሰው ይድናል? እኔ ሞተሩ ሳይከፈት በወሬ የተጠገነ መኪና አላየሁም።»

«ጋሽ በቀለ፣ መኪና ሲመጣልዎት መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«አስነሥቼ ድምፁን እሰማለሁ።»

«እኔም ሌላ አላውቅም» አለ። ሻምበል ሳቁ፤ እኔ ተሸነፍኩ። ድንኳኑ ለአንድ እሑድ እንዲወጣ ተፈቀደ። ጡሩምባ እንዳይነፋ፣ ተከላውም በእኔ ኃላፊነት እንዲሆን ተወሰነ። የደረሰው ሁሉ የደረሰው በዚህ በእኔ ኃላፊነት ነው።

መንደራችን ውስጥ ድንኳን የሚይዝ ሜዳ አንድ ብቻ ነው፤ እትዬ አስካለ በር ላይ ያለው።

ስለ እትዬ አስካለ ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ነበራት፣ ደረጀ የሚባል። ኳስ ያለበት ቀን ስታዲየም አካባቢ ማልያ የሚሸጥ፣ ሳቂታ ጎረምሳ። በሱዳን በኩል ወጣ፤ ከትሪፖሊ አንዴ ደወለ፤ «በባሕሩ ልሻገር ነው፣ ስደርስ እደውላለሁ» አላት። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ያን ጊዜ ከጠፋ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። እትዬ አስካለ የቤት ስልኳን ትታ አትወጣም። ገበያ የእህቷ ልጅ ትሄድላታለች። ቅዳሴ የምትሰማው ከቤቷ በር ላይ ቆማ፣ በድምፅ ማጉያው ነው። ለቅሶ እንኳ አትደርስም ነበር፤ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ደግሞ በእኛ አገር ከሰው ተራ የወጣ ነው። አንድም ቀን አላለቀሰችም። ሌላ ሰው ስለ ደረጀ ዓይኑ እንባ ካቀረረ፣ «አታሟርትብኝ!» ብላ ታባርረዋለች። ሌሊት ስልኳ አጠገብ ቁጭ ብላ ታነጋለች፤ እንቅልፍ የሚወስዳት ሲነጋጋ ነው።

ያንን እሑድ ትምህርቱ የሚጀመረው ከቅዳሴ በኋላ፣ በሦስት ሰዓት ነበር። እኔ ግን ድንኳኑን በአሥራ ሁለት ሰዓት ተክዬ ጨረስኩ። ማን በዚያ ሰዓት ትከል አለኝ? ማንም። ዕድሜ ልኬን ድንኳን የተከልኩት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ እጄ የለመደውን አደረገ። እትዬ አስካለን አንኳኩቼ ልነግራት አስቤ ነበር። በሯ ላይ ደርሼ፣ «አሁን ገና ነው የተኛችው» ብዬ አዝኜላት ተመለስኩ። ያቺ አዘኔታዬ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

ሦስት ሰዓት ሲቃረብ ሰዉ ከቅዳሴ እየተመለሰ ነጠላውን እንዳጣፋ ገባ። ነስሩ ገና አልደረሰም። ድንኳን ውስጥ የገባ ሰው መቼም ልማዱ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ወንበሩ ሞላ።

የእትዬ አስካለ የቆርቆሮ በር ተከፈተ። ሳፋ ይዛ እጣቢ ልትደፋ ነው የወጣችው። ቀና ስትል ድንኳኑን አየች። ነጭ የለበሰውን ሰው አየች። ሻምበልን ከፊት ተቀምጠው አየቻቸው። መርዶ ማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እንደሚነገር የማያውቅ የለም።

«ማን ነገራችሁ?» አለች፤ ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር።

ምን እንደጠየቀች የገባው አልነበረም።

ሳፋው ከእጅዋ ወደቀ። «ደረጄ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያፈነችው ነው አንዴ የወጣው። መሬት ላይ ወደቀች። ሴቶቹ እሷን ሲያዩ፣ እውነትም መርዶ የተነገረ መሰላቸውና ደረታቸውን እየደቁ ተነሡ። «ደረጄ ልጄን! ሳቂታውን!» ድንኳኑ በአንድ አፍ አለቀሰ። እኔ ትርፍ ገመድ በእጄ እንደያዝኩ በድን ሆኜ ቆምኩ። ሻምበል ወደ እኔ ዞረው «መርዶውን ማን አመጣው?» አሉኝ። እኔ ጸሐፊውን አየሁ። ጸሐፊው እኔን አየኝ።

ነስሩ ደብተሩን በብብቱ ይዞ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። አንዲት ሴት ይዞ «ምንድን ነው?» አላት። ነገረችው። እሱ ድንኳኑን፣ በሩን፣ እኔን አየ። ወዲያው ገባው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሹልክ ብሎ ይጠፋ ነበር፤ እኔ ራሴ እግሬ ወደ ጋራዡ እየጎተተኝ ነበር። እሱ ግን በሴቶቹ መሀል አልፎ፣ አፈሩ ላይ፣ እጣቢው ያራሰው ጭቃ ላይ አጠገቧ ቁጭ አለ። መነጽሩን አወለቀ።

«እትዬ አስካለ፣ ድንኳኑን ያስተከልኩት እኔ ነኝ» አላት። «ለትምህርት ነው። ስለ ደረጀ ማንም ምንም አልሰማም።»

ልቅሶው ከአንዱ ወደ ሌላው እየቀነሰ መጣ። እትዬ አስካለ ቀና ብላ አየችው።

«አልሞተም?»

«አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

በጥፊ አጮለችው። የጥፊው ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። ነስሩ ጉንጩን እንኳ አልያዘም። እሷም የመታችበትን እጅ እያየች ቆየችና፣ «ታዲያ አሁን ያለቀስኩትን ምን ላድርገው?» አለች።

ማናችንም እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሰምተን አናውቅም።

«ናፍቆትዎን ነው ያለቀሱት፣ እትዬ» አላት ነስሩ። «መናፈቅ እንደ ሞተ መቁጠር አይደለም።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ፤ መነጽር ስለሌለው የማንን ፊት እንደሚያይ አላወቀም። «ለሞተ እናለቅሳለን። ለተመለሰ እልል እንላለን። ደብዛው ለጠፋ ግን ምንም የለንም። እኚህ እናት ስምንት ዓመት ሙሉ ብቻቸውን ናቸው።»

ያዘጋጀው ትምህርት ስለ እንቅልፍ ማጣት ነበር፤ ደብተሩን አልገለጠም። ሻምበል ተፈራ ከተቀመጡበት ተነሡ። ደንብ የሚያነቡልን መስሎኝ ነበር። «ታናሽ ወንድሜ ከግንባር አልተመለሰም» አሉ። «መርዶም አልመጣ፣ እሱም አልመጣ። ለእናቴ ‹ደህና ነው› እያልኩ ስዋሽ ሞተችብኝ።» ይህንኑ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማን እንደቀጠለ አላስታውስም፤ ብዙ ሰው ተናገረ። የውሃ መስመር ያነሳ አልነበረም። እትዬ አስካለ ግን መሀል ላይ ተነሥታ ቤቷ ገባችና በሯን ቀረቀረች።

ኮሚቴው ድንኳኑን ከለከለ። ትክክል ነበሩ። ከሁሉም የበለጠ የከፋው እኔን ነው። ነስሩን የአባቱ ሱቅ በር ላይ አግኝቼ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። በንጋት የተከልኩት፣ ያልነገርኳትም እኔ ነኝ» አልኩት።

«እኔም የተማርኩት መጽሐፍ ውስጥ ድንኳን አልነበረም» አለኝ። «ድንኳን ሲተከል ሰው ምን እንደሚሰማው እዚሁ ተወልጄ ረሳሁት። ሁለታችንም ነን፣ ጋሽ በቀለ። አሁን አንድ አግዳሚ ወንበር ይስጡኝ።»

በኮሚቴው ሳይፈቀድ ንብረት ያወጣሁት ያኔ ነው፤ ሳላስፈርምም ሰጠሁት። በየእሑዱ ወንበሩን እትዬ አስካለ በር ላይ ያኖርና ሁለት ሰዓት ያህል ይቀመጣል። አያንኳኳም። ያለፈ ያገደመው ሰላም ይለዋል፣ እሱም ሰላም ይላል። ሦስተኛው እሑድ ላይ በሩ ተከፈተ። ወንበሬን ልመልስ ሄጄ ስለነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሁኚ ነው የምትለኝ? እርሜን አውጥቼ ልቀመጥ ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ። ስልኩን ልጠብቅልዎት ነው።»

«ምን?»

«እርስዎ ትንሽ ወጣ ይበሉ። እኔ ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ከደወለ፣ ‹እናትህ ደህና ናቸው፣ አሁን ይመጣሉ› እለዋለሁ።»

ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው የሚላት ከሁለት አንዱን ነበር፤ ወይ «ተስፋሽን ቁረጪው»፣ ወይ «አይዞሽ፣ ይመጣል»። ስልኩን እጠብቅልሻለሁ ያላት ሰው አልነበረም።

«በጥፊ መትቼህ?»

«ጉንጬ ደህና ነው።»

አስገባችው። ያን ቀን የሄደችው ከሦስት ቤት ወዲያ፣ ባሏ ሞቶባት ሳትደርስላት ወደቀረች ጎረቤቷ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እየሮጠች ተመለሰች። በሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ቆየች።

ቆይቶ ነስሩን ሥራው አላፈናፍን ሲለው ተራ ገባን። በጥፋተኝነቴ መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። ሻምበልም፣ የነስሩ አባትም ሳይቀሩ ተራ ነበራቸው፤ አባቱ «ሱቅ ዘግቼ ሌላ ሱቅ እጠብቃለሁ» እያሉ። ሕጉን ያወጣችው እትዬ አስካለ ናት። ስልኩ ሁለተኛው ጥሪ ላይ መነሣት አለበት። «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አይባልም፤ የተሳሳተ መስሎት ይዘጋል። የሚባለው «የደረጀ ቤት ነው» ነው።

አንድ ቅዳሜ ተራዬ ነበር። ዳንቴል የለበሰው ስልክ ፊት ለፊት፣ ቱታዬ ሶፋዋን እንዳያቆሽሽ ጫፉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጮኸ። አንዴ። ሁለቴ። አነሣሁት።

«የደረጀ ቤት ነው!»

የሰው ትንፋሽና የመኪና ጫጫታ ይሰማል። ከሩቅ አገር የተደወለ መሰለኝ። «ደረጄ?» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ አስካለ። «ደምበል ሕንፃ ጋ ነኝ። ከሕዝብ ስልክ ነው። ደወለ እንዴ?»

«አልደወለም፣ እትዬ።»

ከበስተጀርባዋ ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማኝ ነበር።

«እሺ» አለች። «እንግዲያው ትንሽ ልቆይ።»

ስልኩን አስቀምጬ አለቀስኩ። ምን እንዳስለቀሰኝ ለራሴም አልገባኝም። ማታ ለነስሩ ስነግረው መነጽሩን አወለቀልኝ። ለእኔ ያወለቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ድንኳኑ የተፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያስፈቀደችውም ራሷ እትዬ አስካለ ናት። ኮሚቴ ፊት ቀርባ፣ «በሬ ላይ ይተከል፣ እኔ እያለሁ የሚደነግጥ አይኖርም» አለች። በወር አንድ እሑድ፣ ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ እተክላለሁ። እሷ ድንኳኑ በር ላይ ትቆማለች። ለመጣው ሁሉ፣ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም፣ «ማንም አልሞተም፣ ግቡ» ትላለች። ሰዉ ይስቃል፤ እየሳቀ ይገባል። ነስሩ የሙያ ጓደኞቹንም እየለመነ ያመጣ ነበር። አንዷ ልጅ በፕሮጀክተር ሸራው ላይ ስዕል ልታሳይ ሞክራ፣ ፀሐዩ አላሳይ ብሎ ስንስቅባት ዋልን። ነስሩ ራሱ ብዙ አይናገርም ነበር። «አባቴ ሱቅ ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው ግማሽ ሰዓት ቆሞ ያወራል፤ የመጣው ለስኳሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ» ይልና ይቀመጣል። ከዚያ ሰዉ ይቀጥላል። በአንድ እሑድ ትምህርት የዳነ ሰው አላየሁም፤ እሱም አድናለሁ ብሎ አያውቅም። ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ ሚስቴን ከእኔ ሌላ ማንም የማያውቀውን ነገር ስትናገር ሰምቼ፣ እጅዋን ይዤ ወደ ቤት የገባሁበት እሑድ አለ። ዝርዝሩ ይቅር።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሻምበልም የነስሩ አባትም አረፉ። ግማሹ መንደር ፈርሶ ሰዉ ተበተነ፤ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሄደ። እትዬ አስካለ ቦታዋ ገና አልተነካም ነበር። ደረጀ አልደወለም። እስከ ዛሬም አልደወለም። ነስሩን ደግሞ የስኳር በሽታ ይዞት ኖሯል፤ ለማንም አልነገረም። ስንቱን «ተናገሩ» ያለ ሰው! ይህን ሳስብ አሁንም እናደድበታለሁ።

መርዶው ሲደርሰኝ ከተቀመጥኩበት ጎማ ላይ ተነሥቼ ሄጄ መጋዘኑን ከፈትኩ። ሜዳው ያው የድሮው ነው። ካስማውን ስመታ የቆርቆሮው በር ተከፈተ። እትዬ አስካለ ናት፤ አርጅታለች፣ ከዘራ ይዛለች። ሰምታለች። ጥቁር ለብሳለች።

«ስልኩን ማን ይጠብቅ?» አልኳት። ሌላ የምላት አጥቼ ነው።

ወደ ቤቷ ዞራ አየች። በሩን ወለል አድርጋ እንደከፈተችው ተወችው።

«ከደወለ መልሶ ይደውላል» አለች።

ከቀብር ሲመለስ ሰዉ ከየአቅጣጫው መጣ። ከየኮንዶሚኒየሙ፣ ከየት ከየቱ፣ ስማቸውን የረሳኋቸው፣ አንድ እሑድ ብቻ መጥተው የሚያውቁ ሁሉ። እትዬ አስካለ ከዘራዋን ተደግፋ እንደ ልማዷ ድንኳኑ በር ላይ ቆመች። የመጀመሪያዎቹ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ የምትለውን ያውቁታልና ጠበቋት። አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣ አላት። እኔም ዛሬ መነጽር ለባሽ ነኝ። አውልቄ ኪሴ ከተትኩት።

«ግቡ» አለች።